ፈረሰኛ በዘንገና ውሃ ላይ

ይህ የሆነው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ግንቦት ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ደርሶብኛል፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ይህን ግን አልረሳሁትም። ጠዋት ቀበቶዬን ስታጠቅ እጄ ሳላውቀው ወደ ወገቤ ጀርባ ይሄዳል፤ ያኔ ያ ቀን ትዝ ይለኛል።

መጀመሪያ ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። የምኖረው እንጅባራ ነው፤ እኛ እንኳ ዛሬም ቆሰበር ነው የምንላት። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ውስጥ ወረቀት ሳገላብጥ የምውል ሰው ነኝ። ያደግሁት ግን ግምጃ ቤት አጠገብ፣ ፈረስ ታጥቶበት ከማያውቅ ቤት ነው። አባቴ ሰባ አምስት ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም ፈረሱን የሚጭነው ራሱ ነው። እኔም ብሆን በበዓል ቀን ስጋልብ ያየኝ ሰው ወንበር ላይ የምውል አይመስለውም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። የዚያን ቀን ጥፋቴ ሁሉ የመጣው ከዚሁ ጉራ ስለሆነ ሳልናገረው ማለፍ አልችልም።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። አባዬ ለፈረሱ አዲስ ገመድ ሊገዛ ከግምጃ ቤት በሚኒባስ መጣ። ገመዱን እያገላበጠ፣ እየሳበ፣ እየሸተተ ግማሽ ቀን ፈጀበት። በመጨረሻ አንዱን መርጦ ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለው። ምሳ በልተን ስንወጣ ወደ መናኸሪያ የምሸኘው መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መንገድ ላይ ቆም አለና፣

«ዘንገና ላይ ጀልባ መጥቷል ይባላል። እውነት ነው?» አለኝ።

እውነት መሆኑን ነገርሁት።

«ከልጅነቴ ጀምሮ ያን ውሃ ከገደሉ ላይ ሆኜ ነው የማየው። እስቲ አንድ ቀን ከውስጡ ሆኜ ልየው።»

አባዬ ነገር የሚጠይቅ ሰው አይደለም። ቤቴ ሲመጣ ውሃ እንኳ ካልሰጡት አምጡልኝ አይልም። ስለዚህ ደስ አለኝ፤ ባጃጅ ይዘን ሄድን።

ዘንገናን ለማያውቅ ሰው፣ ከእንጅባራ ብዙም ሳይርቅ ያለ ክብ ሐይቅ ነው። ዙሪያውን ደን የለበሰ ገደል ከቦታል። ጥልቀቱን ስለማያውቁት ያገሬ ሰዎች ብዙም አይቀርቡትም፤ ዋና የሚችል ሰውም ጥቂት ነው። እኔም አልችልም። አባዬማ አይጠየቅም።

ጀልባዋ ትንሽ የእንጨት ጀልባ ነበረች፤ ሁለት መቅዘፊያ፣ ሦስት መቀመጫ። ባለቤቷ ጋሽ ምትኩ የሚባሉ ወደ ስድሳ የሚጠጉ ሰው ናቸው። ተወልደው ያደጉት ጣና ዳር፣ ዘጌ ነው። ዕድሜያቸውን በሙሉ ታንኳና ጀልባ ሲቀዝፉ ኖረው፣ ልጃቸው ቆሰበር ስታገባ ተከትለዋት መጡ። ስንደርስ ጀልባቸውን ዳር ላይ አስረው አጠገቧ ተቀምጠዋል። የቀኝ እጃቸው አውራ ጣት አብጦ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ዛሬ አይሆንም» አሉ ገና ሳንጠይቃቸው። «እጄ እንደምታዩት ነው። ላይፍ ጃኬቶቹም ማሰሪያቸው ተበጥሶ ሊሰፉ ከተማ ሄደዋል፤ ያለኝ አንድ ብቻ ነው።»

ላይፍ ጃኬት የሚሉት ያን ሰው ውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ብርቱካንማ ሰደርያ ነው።

እዚህ ላይ አርፌ መመለስ ነበረብኝ። እኔ ግን፣ «መቅዘፉን ለእኔ ይተዉት» አልሁ።

«ቀዝፈህ ታውቃለህ?»

«ፈረስ እጋልባለሁ።»

ሰውዬው ለአፍታ አዩኝ። «እሱማ ጥሩ ነው» አሉ። ከዚያ አባዬን አዩት። አባዬ ገመዱን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ውሃውን ነው የሚያየው፤ እኛን አይሰማም። ጋሽ ምትኩ ሰማዩን አዩ፣ ማዶ ያለውን ገደል አዩ፣ ተነፈሱና ተነሱ። «ለአባትህ ስል ነው። ሩቅ አንሄድም።»

የመጀመሪያውን ስህተት የሠራሁት ገና ስሳፈር ነው። ግራ እግሬን የጀልባዋ ጠርዝ ላይ አድርጌ፣ እርካብ እንደረገጠ ሰው ተነሥቼ ቀኝ እግሬን አሻገርሁ። ጀልባዋ ከሥሬ ሸሸች። ውስጧ በጉልበቴ ወደቅሁ።

«ጠርዙን አይረግጡም» አሉ ጋሽ ምትኩ፤ አልሳቁም። «መሃሏን፣ ዝቅ ብለህ።»

አባዬ የእኔን ካየ በኋላ እንደ ሕፃን ድሆ ገባ። «እንዲህ ነው» አሉት። ሰደርያዋን ሰጡት፤ ተቀበለና የኮርቻ ምንጣፍ ይመስል ከሥሩ አድርጎ ተቀመጠባት። ውሃው ጸጥ ያለ ስለነበር ጋሽ ምትኩም ለጊዜው ተዉት።

ቀዛፊ የሚቀመጠው ጀርባውን ወደሚሄድበት አዙሮ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ፈረስ ላይ ወደ ጭራው ዞሮ እንደ መቀመጥ ነው። ጋሽ ምትኩ ከጀልባዋ ኋላ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ አባዬ ከጀርባዬ፣ ከጀልባዋ አፍንጫ በኩል ሆነ። እኔ የምሄድበትን አላይም፤ አባዬንም አላየውም።

ሌላው ችግር መዞሩ ነበር። ፈረስ የቀኝ ልጓሙን ከሳብህለት ወደ ቀኝ ይዞራል። ጀልባ ግን ቀኜን ስስብ አፍንጫዋ ወደ ግራዬ ይሄዳል። አሥር ጊዜ ተሳሳትሁ፤ አሥር ጊዜ እየዞርን ወደ ዳር ተመለስን።

«ከኋላዬ ያችን ረጅም ግራር ታያታለህ?» አሉ ጋሽ ምትኩ። «ከትከሻዬ በላይ አድርገህ ያዛት። ከትከሻዬ ካልወጣች ቀጥ ብለህ እየሄድህ ነው። መቅዘፊያውንም አታስጥመው፤ ጠፍጣፋ ምላሱ ብቻ ይግባ። በክንድህ ሳይሆን በወገብህ ሳብ።»

እንዳሉኝ አደረግሁ። ግራሯ ትከሻቸው ላይ ቆመች፤ ጀልባዋም መንገድ ያዘች። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደንበኛ ቀዛፊ የሆንሁ መሰለኝ፤ ሩቅ አንሄድም የተባለውንም ረሳሁት። እሳቸው ሁለት ጊዜ «ይበቃል» አሉኝ። እኔ «ትንሽ፣ ትንሽ» እያልሁ ከመሃል አሳለፍኋት።

አባዬ ከኋላዬ እጁን ውሃ ውስጥ ሲነክር ሰማሁት፤ «ከላይ ሲያዩት ጥቁር ነበር። ውስጡ እንዲህ ጥርት ያለ ነው እንዴ?» አለ። በልጅነቱ ከብት የጠበቀበትን፣ አንድ ጊዜ ፈረስ የጠፋበትን ቦታ ከሥር ሆኖ እያየ ለጋሽ ምትኩ ሲነግራቸው ይሰማኛል። ዞሬ ባላየውም ፈገግ ማለቱን ከድምፁ አወቅሁ። ለዚያች ደቂቃ ስል ጉራዬን ሳልወደው አልቀረሁም።

ነፋሱ የመጣው ከማዶው ገደል፣ ከጥርባ በኩል ነው። መጀመሪያ ገደሉ አፋፍ ላይ ያሉት ዛፎች ጎንበስ አሉ። ቀጥሎ ከወዲያ ያለው ውሃ ጠቆረና ጥቁረቱ ወደ እኛ መሮጥ ጀመረ።

ጋሽ ምትኩ ቀድመው አዩት። «ነፋስ ነው። አሁን...» ብለው ሳይጨርሱ እኔ ዞር ብዬ አየሁና ጀልባዋን አዞርኋት።

ለምን እንዳዞርኋት ላስረዳ። ሜዳ ላይ ዶፍ ወይም በረዶ ሲመጣብህ ፈረስህ ራሱ ይዞራል፤ ጀርባውን ለነፋሱ ይሰጥና አንገቱን ደፍቶ ይቆማል። ፊቱን ወደ ነፋሱ ላዙር ብትለው እሺ አይልህም። እኛም ከልጅነታችን የምናውቀው ይህንኑ ነው። መነሻችንም የነበረው ነፋሱ በሚሄድበት በኩል ስለሆነ ጀርባ ሰጥቼ ወደ ቤት መሸሽ ትክክል መሰለኝ። እንዲያውም ፈጥኜ በማሰቤ ራሴን አደነቅሁ።

ጀልባ ግን ኋላዋ ዝቅ ያለና ጠፍጣፋ ነው። የመጀመሪያው ማዕበል ከኋላ መጥቶ ጋሽ ምትኩን እስከ ወገባቸው አልብሶ ገባ። ሁለተኛውም ገባ። እግሬ ሥር ያለው ውሃ ቁርጭምጭሚቴን አለፈ። ጀልባዋ ከበደች፤ መቅዘፊያዬ አንዱ ሰማይ ሲቀዝፍ አንዱ ተቀበረ። አባዬን ይዤው የመጣሁት እኔ መሆኔ ያኔ ነው በደንብ የገባኝ።

ጋሽ ምትኩ አልጮኹም። ይህን እስከ ዛሬ አስባለሁ። ከጀርባቸው ውሃ እየገባባቸው፣ ቡና ላይ እንደሚያወሩ ሆነው፣

«ልጄ፣ እኔን ብቻ እይ። የምልህን ብቻ አድርግ» አሉኝ። ከዚያ ከትከሻዬ በላይ፣ «አባት፣ ቀስ ብለው ወለሉ ላይ ይውረዱ፤ ከልጅዎ ጀርባ ይጠጉ። የተቀመጡበትንም ይልበሱትና ደረትዎ ላይ ይሰሩት» አሉ።

ከኋላዬ መንኮሻኮሽ ሰማሁ። ዞሬ ላየው ስል «እኔን» አሉኝ።

«አሁን ፊቷን ለነፋሱ እንሰጣለን። በጎን ከመታት ትገለበጣለች፤ ስለዚህ ትላልቆቹ ይለፉ። ቆይ። ይህ ይለፍ። ይህም ይለፍ። አሁን፤ ቀኝህን ሳብ፣ ግራህን ግፋ።»

ሳብሁ፣ ገፋሁ። ጀልባዋ ስትዞር ለአንድ አፍታ በጎኗ ሆነች፤ ተዘነበለች። ከዚያ አፍንጫዋ ነፋሱን አገኘ። የሚቀጥለው ማዕበል ሲመጣ ውስጣችን አልገባም፤ ከፍ አድርጎን ከሥራችን አለፈ። ይህንንም ሳየው ማመን አቃተኝ።

ጋሽ ምትኩ በደኅና እጃቸው የተቆረጠ ጀሪካን አንሥተው ውሃውን ወደ ውጭ መድፋት ጀመሩ። «አትታገለው» አሉኝ። «ሲመጣ ቆይ፤ ሲያልፍ ሳብ። ባለህበት ብትቆይም ይበቃል።»

«ከመነሻችን እየራቅን ነው እኮ» አልሁ።

«እየራቅን ነው። ነፋሱ ከመጣበት ገደል ሥር ግን ነፋስ የለም። እዚያ ሄደን እንጠብቀዋለን።»

እኔ መዳፌ ተልጦ እስባለሁ። አባዬ አንድ ቃል አልተነፈሰም። አባዬ ፈረስ ላይ ስሳሳት እንኳ ከማዶ ጮኾ የሚያርመኝ ሰው ነው። ትንሽ ቆይቶ ከጀርባዬ በአዊኛ ቀስ እያለ ሲያወራ ሰማሁት። መጀመሪያ የሚጸልይ መሰለኝ። ልብ ብዬ ሳዳምጥ ግን ጸሎት አይደለም፤ ገደል ላይ የደነገጠ ፈረስ ሲያረጋጋ የሚለው ነው። አይዞህ፣ ቀስ፣ መሬቱን እየው፣ የሚል ነገር ነው። ለማን እንደሚለው ግልጽ ነበር።

ከዚያ ቀበቶዬ ከኋላ ሳብ ሲደረግ ተሰማኝ። ፈርቶ ያዘኝ አልሁ በልቤ። ሽማግሌ አባቴን እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ በመክተቴ አፈርሁ። ይያዘኝ ብዬ ተውሁት።

ምን ያህል ጊዜ እንደቀዘፍሁ አላውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ቀና ስል ማዕበሉ አንሷል፤ ጥቂት ቆይቶ ጨርሶ ጠፋ። ገደሉ ሥር ደርሰናል። ከላያችን ዛፎቹ ይጮኻሉ፤ ከሥራችን ያለው ውሃ ሰሐን ላይ ያለ ይመስላል። ጋሽ ምትኩ አንድ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ያዙና፣ «አሁን መቅዘፊያህን አስገባ፤ እረፍ» አሉኝ።

ዝናብ ዘነበብን። ነፋሱ እስኪያልፍ ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው ቆየን። አባዬ ገበያ በለመደው አማርኛ፣ «አንተ ይህን ሥራ በስንት ዓመትህ ጀመርህ?» አላቸው።

«በሰባት ዓመቴ፣ አባት።»

«ለዚህ ነው» አለ አባዬ።

ነፋሱ ሲተኛ ዳር ዳሩን ይዘን ተመለስን። ይበልጥ ሩቅ ነበር፤ እኔ ግን በመሃል እንሂድ አላልሁም። ጋሽ ምትኩ «ቀኝ»፣ «ግራ» ሲሉኝ ብቻ እየሰማሁ በቀስታ ቀዘፍሁ። አፍንጫዋ አሸዋ ነክቶ ጀልባዋ ስትቆም ነፍሴ ተመለሰች። ወርጄ ጀልባዋን ልሳብ ብዬ ብድግ አልሁ።

አንድ ነገር ወገቤን ይዞ መልሶ አስቀመጠኝ። ደግሜ ተነሣሁ፤ ደግሞ አስቀመጠኝ። እዚያው ሁለት ክንድ በማትሞላ ውሃ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝም። ጋሽ ምትኩ መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ከጀርባዬ ያለውን አዩና ሳቃቸው ቆመ።

እኔም ዞሬ አየሁ። አባዬ ብርቱካንማውን ሰደርያ ደረቱ ላይ ጥብቅ አድርጎ አስሮ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። አዲሱ የፈረስ ገመድ ወገቡን ሁለት ጊዜ ዞሮ ታስሯል። ሌላው ጫፍ ቀበቶዬ ላይ ነው። ቋጠሮውን አወቅሁት፤ ፈረስ የምናስርበት ነው። ፈረሱ በጎተተ ቁጥር ይጠብቃል፤ ሰው ትርፏን ጫፍ አንዴ ሳብ ሲያደርግ ግን ይፈታል። ትርፏ ጫፍ አባዬ እጅ ውስጥ ነበረች።

ጋሽ ምትኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጡ። «ጀልባ ላይ ሰውን ከሰው ጋር አያስሩም፣ አባት። አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት ይሄዳል።»

አባዬ በእጁ የያዛትን ጫፍ ሳብ አደረጋት። ቋጠሮው ከቀበቶዬ ላይ ተፈትቶ ወደቀ።

«እኔ ብወድቅ እንዲህ አደርጋለሁ» አለ። «እሱ ጀልባው ላይ ይቀራል።»

«እሱ ቢወድቅስ?»

«እሱ ቢወድቅማ አልስባትም። እኔ ይኸን ለብሻለሁ፤ እሱ ባዶውን ነው።»

ጋሽ ምትኩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህ ሰደርያ እኮ ሁለት ሰው አይችልም» አሉት።

«ጠርጥሬ ነበር» አለ አባዬ። ገመዱን ከወገቡ ፈታና በክርኑና በመዳፉ መሃል እየጠቀለለ ርጥበቱን መመልከት ጀመረ። አዲስ ገመድ ሲርስ ይኮማተራል ብሎ ነው የተጨነቀው።

እኔ ወርጄ ጀልባዋን እስባለሁ ብዬ ፊቴን ወደ ደኑ አዞርሁ። እንባዬ መጥቶ ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ፈርቶ ያዘኝ ብዬ ሳዝንለት የነበረው ሰው እኔን ይዞኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ጋሽ ምትኩ ሰደርያዎቹ ሳይሟሉ ሰው አያሳፍሩም፤ የሚለምናቸው ቢመጣ እኔን እንደ ምሳሌ ያነሡኛል። እኔም እሑድ እሑድ እየሄድሁ መቅዘፍ ተማርሁ፤ ዛሬ ግራሯን ከትከሻ ሳላወጣ ማዶ እደርሳለሁ። ጋሽ ምትኩ ጀልባዋን ዳር ላይ የሚያስሩትም በአባዬ ቋጠሮ ሆኗል። ባለፈው ዓመት ግምጃ ቤት መጥተው አባዬ ፈረሱ ላይ አወጣቸው። ወደ ቀኝ ለመሄድ ግራ ልጓሙን እየሳቡ አጥሩ ውስጥ ሲዞሩ ዋሉ። አባዬም እንደ እሳቸው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔን ብቻ እየኝ» ሲላቸው ሰማሁ።

እኔና አባዬ ስለ ገመዱ ተነጋግረን አናውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ ለማስታወሻ እንዲሰጠኝ ጠየቅሁት። ተገርሞ አየኝ።

«ፈረሱስ በምን ይታሰር?» አለኝ።

ገመዱ ዛሬም እዚያው አለ፤ አርጅቷል፣ ጫፉ ተንጨፍርሯል። ግምጃ ቤት በሄድሁ ቁጥር ፈረሱን ፈትቼ ውሃ የማጠጣው እኔ ነኝ። ስመልሰውም በዚያችው ቋጠሮ አስረዋለሁ፤ ትርፏን ጫፍ ግን ቶሎ ከእጄ አልለቃትም።